ውሃ ልክ

ቃሊቲ፣ ከጉምሩኩ ማዶ፣ ከባድ መኪና ከሚያድርበት፣
ከዘይት ጭቃው ወዲህ፣ ቆርቆሮው ከዛገበት፣
ቀይ ጀልባ መጣችብኝ በአይሱዙ ተጭና፣
አፍንጫዋ የሾለ፣ ሆዷ እንደ ጩቤ የቀና።

ሸምሱ ነው ያመጣት። ቆቃ ላይ ሊንጎራደድባት
ገዝቶ፣ በሁለተኛው እሁድ ጉቶ ውልብልቢቷን በላባት።
«እሱን አውልቅና ጄት ግጠምልኝ» አለ፤
ሳጥኑን አውርዶ፣ ቀብዱን ጣል አድርጎ ኮበለለ።

የማውቀው ፓምፕ የመስኖ ነው፣ የአቃቂን ጎመን የሚያጠጣ፤
ይሄኛው በሆዱ ጠጥቶ በጅራቱ የሚቆጣ፣
እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ አሉሚኒየም።

ሰፈሩ «ጄት» የሚለውን ቃል ብቻ ሰማ።
ወሬው ጎሚስታው ጋ ሲደርስ አውሮፕላን ሆነ፤
ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቀው
ክንፉን ሲፈልጉ አመሹ።

ወረቀቱ የሚለው፦
የሚጠባው አፍ ከሆዷ መስመር ጋር እኩል ይዋል።
ጥፍር ታክል ከፍ ካለ አየር ይጠጣል፤
ያን ጊዜ ይጮኻል እንጂ አይገፋም።
ስንቱን ሰው አስታወሰኝ።

ስለዚህ ሞተሩ በስንዝር ከፍ ማለት ነበረበት።
እልፍነሽ የብየዳ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
የኋላ ሳንቃዋን ዳሰሰች፣ ወገቡን እንዳመመው ሰው፤
ከዚያ መደገፊያውን በየደችው። እኔ ከብርሃኑ ዞር አልኩ።
አራት ቡሎን፣ ስምንት ሮንዴላ፣
ጓርኒሲዮኑ ከአሮጌ ከመነዳሪ ተቆርጦ።

በጥቃቅን ፊደል የተጻፈም ነበር፦
ከመቶ ፈረስ ሠላሳው በፓምፑ መንገድ ይቀራል፤
ከተረፈውም ይህ የኛ ዳገት፣ ስስ አየሩ፣ ይቆነጥራል።
«ሠላሳ ፈረስ!» አለ ባለጋሪው ጉርሜሳ፣
አንዱን መቀለብ ያቃተው ሰውዬ፣ ከልቡ አዝኖ።

ተንበርክኬ ውሃ ልኬን ከሆዷ ሥር አስደገፍኩ።
የሙከራ ውሃ አልነበረኝም፤
ፈረቃችን ሐሙስ ሌሊት ነው፣ እሱም ከመጣ።
በግቢዬ የነበረው ውሃ በሙሉ
እዚያች ጣት የምታክል ብርጭቆ ውስጥ ነበር፣ አረንጓዴ፣
አንዲት የአየር አረፋ አቅፎ።
አረፋዋ መሐል ላይ ቆመች። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ።

ሐሙስ አልመጣም።
ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ብርቅነሽ ወረደች፣
አራት ጀሪካን በሁለት ዙር ተሸክማ።
«ውሰድ፤ ምን እንደሆነ ልየው።»
ግማሹን በቆረጥኩት ሮቶ ውስጥ ገለበጥነው፤
ቁልፉን አዞርኩ።

እስከ ዘጠኝ እንኳ አልቆጠርኩም።
ውሃው በአጥሩ ላይ ዘሎ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣
የሲሚንቶ መኪና ጎን አጠበ።
ልጆቹ ጮኹ። ክንፉን ረሱት።
ብርቅነሽ እርጥቡን ግድግዳ እያየች ቆየች።
«ይሄ» አለች በመጨረሻ፣
«አራተኛ ፎቅ ያወጣል?»
«ያወጣል፤ ውሃ ካለ» አልኩ፤
ከአፌ እንደወጣ አፈርኩበት።

ቅዳሜ አባ ሳሙኤል ወሰድናት።
እንደተጻፈው ጮኸች፤ ኋላዋ ነጭ ሆነ፤ ካለችበት ግን ንቅንቅ አላለችም።
እስከ ደረቴ ገብቼ እንቦጩን ከወንፊቷ ነቀልኩ፣
ሁለት ሮንዴላ ቀንሼ ዝቅ አደረግኋት፤
ከዚያ ሄደች።
ስለ አካሄዷ ሸምሱ ያውራ፤ እኔ ጀርባዋን ብቻ ነው ያየሁት፣
የሚዘጋውን የውሃ ስንጥቅ።

ዛሬ ሐሙስ ነው።
የተጣመመው ውልብልቢት በሬ ላይ ተሰቅሏል፣
ነፋስ ሲመጣ ግማሽ ዙር ይዞራል።
አራቱን ጀሪካን ቧንቧው ሥር ደርድሬአለሁ፤ ዕዳ ነው።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን ቧንቧው ሳለ፣
አንቋረረ፣ ጮኸ፤
አየር ነው።
ብርቅነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።
እኔም ጎኗ።