ከክልል ውጭ

ሐሙስ ከአቶቴ ሄዶ የዋለው መብራት ማታ ተቆጥቶ ተመለሰ፤
ያ ሆዳሙ ስክሪን፣ የዱንካኔ ፎቶ ቤት ዓይን፣ «ጯ» ብሎ ጨሰ።
አርብ አዲስ ተገዛ፣ እንደ ትሪ የሳሳ፣
በባጃጅ ታቅፌ ያመጣሁት ከፒያሳ።
ማራገቢያው ዞረ፣ ዲስኩ አጉረመረመ፣
አረንጓዴው በራ፤ ከዚያ ሁሉ ጨለመ።

በጨለማው ላይ አንዲት ሣጥን፣ መልህቅ እንደሌላት ታንኳ፣
ከጥግ ወደ ጥግ ትንሳፈፋለች፤ በውስጧ የፈረንጅ ቋንቋ።
ተርጉሜ አነበብኩላት፦ «ከክልል ውጭ» ይላል።
ዱንካኔ መነጽሯን አወረደች፦ «ደግሞ የቱ ክልል?
ደቡብ ስንባል ሠርቷል፣ ሲዳማ ስንሆን ሠርቷል፤
ይህ ዕቃ ዛሬ ከማን ተጣልቷል?»

ሳቄ መጣ፤ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ፤
ይህ ቃል በሌላ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበረ።
እሑድ እሑድ ለላታሞ ስደውል
አንዲት ትሑት ሴት፣ ሳትቆጣ፣ ሳታዝን፣
«የደወሉላቸው ደንበኛ
ከአገልግሎት ክልል ውጭ ናቸው» ትለኛለች።

ላታሞ ከእኔ በፊት የዚህ ማሽን ሐኪም ነበረ፤
ሊኑክስን ከአንድ የተቧጨረ ሲዲ ጭኖ፣
«ቫይረስ አይደፍረው፣ ፈቃድ አያስከፍል» ብሎ አሳምኖ፣
ሁለት ዓመት ሆነው በሞያሌ በኩል ከተሻገረ።
ጆበርግ ታየ የሚሉ አሉ። እኔ አላውቅም።

ነገ ቅልቅል አለ። መቶ አርባ ፎቶ እዚህ ሆድ ውስጥ ታፍኗል፤
የሙሽራዋ ወንድም ሦስቴ ደውሏል።

ሳሎኑ ቢጨልም ጓሮ በር አለው ቤቱ፤
ኮንትሮል፣ አልት፣ ኤፍ ሁለት፤ ሦስት ጣት ነው ብልሃቱ።
ነጭ ፊደል፣ ጥቁር ግድግዳ፣ የምትርገበገብ ሰረዝ፤
«ማን ነህ?» አለ፤ ነገርኩት፤ «እሺ» አለኝ፣ ሊታዘዝ።
ማሽኑ ደህና ነበር። ፎቶዎቹን ቆጠርኳቸው፦
መቶ አርባ። አንድም አልጎደለባቸው።

ከዚያ መዝገቡን ከፈትኩ፣ ስምንት መቶ መስመር፤
ማሽንም እንደ ሰው ነው፣ ሲናዘዝ የሚያደናግር፤
ጥቃቅኑን ይዘከዝካል፣ ዋናውን መሃል ይሸሽጋል።
ስድስት መቶ ምናምን ላይ ስደርስ አገኘሁት፦
ሰማንያ አምስት።
በሴኮንድ ሰማንያ አምስት ጊዜ «እንካ» ይላል ምስሉን፤
አዲሱ ስክሪን ከሰባ አምስት በላይ አይዘረጋም እጁን።

ይህን ቁጥር ማን አዘዘው? ፋይሉን ገለጥኩት።
ጥቁሩ ግድግዳ የእኛን ፊደል ማሳየት አይችልምና
አማርኛው በላቲን ተጽፏል፤ የማውቀው ድምፅ፣ ያው ቃና።
በፊቱ የመሰላል ምልክት፣ ከዚያ፦
«ይህን ቁጥር አትንኩ።
ስክሪኑ ሲርገበገብ ዱንካኔን ራሷን ያማታል።
ላታሞ።»

አነበብኩላት።
ግንባሯን በመዳፏ ዳበሰች፣
የጠፋ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው።

አንድ ቁልፍ ይበቃል እርሱን ለመደምሰስ፤
ጣቴ ሄደ፤ አቃተው መድረስ።
ይልቅ ከቁጥሩ ፊት አንድ መሰላል አቆምኩ፤
ከሥሩ ስድሳ ብዬ ጻፍኩ።
መሰላል የቆመበትን መስመር ማሽን ዘሎ ያልፈዋል፤
ሰው ግን፣ ከመጣ፣ ያነበዋል።

መጀመሪያ ቀስቷ መጣች፤ ከዚያ ሙሽራዋ ከነአበባ፣
ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር አንድ አባ ኮዳ፣ ሳይጠራ ፎቶው ውስጥ የገባ።
«ይሄንንስ ማን ጠራው?» አለች ዱንካኔ።
እስከ ሌሊቱ ስድስት አተምን።

ሂሳቤን ከፍላ፣ በሩ ላይ ስደርስ አስቆመችኝ፦
«ያ ጓዳ ግባና፣ ከእሱ ጽሕፈት ሥር» አለችኝ፣
«ለቆኛል በልልኝ። ራስ ምታቱ ለቆኛል።»
ማን ያነበዋል አላልኳት።
ሦስቱን ጣቶቼን አሳረፍኩ፤
መሰላል አቁሜ ጻፍኩ።