የዱቤ ደብተር

ጋሽ ሽባባው ሱቅ ሲከፍት ከዓሣ ገበያው ዳር፣
ንብረቱ ሦስት ነበር፤ መረብ፣ ሚዛን፣ ሚስማር።
አራተኛው እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ያማረ፣
ማትሪክ የጣለኝ ጎረምሳ፣ ከደጁ ውሎ ያደረ።

«ጻፍ» አለኝ፤ «የሰጠኸውን፣ ስሙን፣ ቀኑን፣ መንደሩን፤
ስትጠይቅ ግን አትጩህ፤ ሰው አይወድም መበደሩን።»

ጻፍኩ።
ለኑርዬ ታንኳ ቀዛፊው፣ አንድ ጥቅል የናይለን ክር።
ለወይዘሮ ጥሩአየር ሃያ ቆርቆሮ፣ የሚከፈል በጥር።
ለመሪጌታ ገደፋው አምስት ከረጢት ሲሚንቶ፣
ለእናቱ መቃብር፤ ልጁ ከመተማ ሲመለስ ሠርቶ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ የራሴ ስም አለ፤
እናቴ ፈለገ ሕይወት ተኝታ፣ ሐኪሙ «ዛሬ ካልሆነ» እያለ፣
የመድኃኒት አራት ሺህ። ሳልለምነው ሰጠኝ፤
«በራስህ እጅ ጻፈው» ብሎ እስክሪብቶ አቀበለኝ።

ኋላ ምርጫ መጣ። ከዘንባባው ሥር መድረክ ቆመ፤
ሌላው በድምፅ ማጉያ ስለ ልማት ደከመ።
እሱ በእግሩ ዞረ፣ ደብተሬን በብብቱ ይዞ፣
ስለ ገንዘብ ትንፍሽ ሳይል፣ የሰው በር ላይ ተክዞ፤
«ደህና አደራችሁ? ቆርቆሮው አያፈስም? ክሩ አልተበጠሰም?»
እንዲህ ብሎ ለጠየቀ ማን ድምፁን ይነፍጋል? ማንም።

ወንበሩ ላይ ሲወጣ ደብተሩም አብሮት ተሾመ፤
ሱቁ ተቆለፈ፣ ዱቤው ግን ገና ለመለመ።
ለኑርዬ ልጅ ጥበቃ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ በር፤
ለጥሩአየር አማች ሁለት ባጃጅ፣ ከነታርጋው፣ ከነመሥመር፤
ለገደፋው ወንድም መሬት፣ አባይ ማዶ፣ ካርታው ሳይደርቅ ቀለሙ፤
ለእኔ ደግሞ የኮሚቴ ወንበር፤ «ኃላፊ» ሆነ ስሜ፣ ከነማኅተሙ።
ማለዳ ደጁ ላይ ሰልፍ፤ የታሰረ ወንድም፣ የታመመ ልጅ፣ የጠፋ ካርታ፤
ለማንም «የለም» አላለም፤ ማንም ሳይጻፍ አልሄደም፣ ጠዋትም ሆነ ማታ።

ደምቢያ በኩል እምቦጭ ሲወርሰው አይታችሁታል ሐይቁን?
አበባው ሐምራዊ ነው፤ ከዳር የቆመ ይረሳል መታነቁን።
አንዱን ሥር ብትስብ ከመቶ ጋር ተያይዟል፤
ነቃዩስ ማን ነው? የነቃዩም እግር ተጠላልፏል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል፤
እሱ አብልቶ ነው ያለፈው፤ ያበላስ ምን ይሆናል?

በግምገማ ወረደ። አንድ ከሰዓት። ስድስት እጅ ወጣ፤
አምስቱን በየገጻቸው አውቃለሁ፤ የማን ዕዳ ከየት እንደመጣ።
ስድስተኛውን አትጠይቁኝ።

በሰኔ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል፣ ሱቁን አስከፈተኝ፤
ድንጋይ በሆነ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጦ «አንብብ» አለኝ።
አነበብኩ። ስም በጠራሁ ቁጥር «ተከፍሏል» ይላል በዝግታ፤
ሲመሽ፣ ከአባይ መውጫ ጉማሬ ሲያጉረመርም ለአንድ አፍታ፣
ጨረስኩ ብዬ ደብተሩን ከደንኩት።

«ሦስተኛውን ገጽ ዘለልከው።»

ቀኝ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበረ፤ ያ ጽሑፉ ያማረ።
እስክሪብቶ ዘረጋልኝ፣ እንደ ያኔው፤ ፊቱ አልተቀየረ።
«ጻፍበት፤ ብድሩን መልሷል በል።»
ዝናቡ ያዘው፤ ባጃጅ ሳይጠራ ሄደ፣ ወደ ኋላም አላየም።
ጻፍኩ። የእጄ ጽሑፍ እንዲያ አስጠልቶኝ አያውቅም።