አንድ ባልዲ ተኩል

ከስኮትላንድ ማዶ፣ ባሕር ከከበበው፣
ዛፍ ከማይቆምበት፣ ነፋስ ከሚገዛው፣
አሸዋ መሬት ላይ ገብስ ይዘራሉ።
ገብሱ አጭር ነው፤ ጢሙ ግን ረጅም፣
ቅርፊቱ ጠይም ነው፤ ዓይን አያስጎመጅም።
የታኅሣሥ ማዕበል ተፍቶ የጣለው
የባሕር አረም ነው ማሳው የሚለብሰው፤
ሽታው እስከ ግንቦት ከልብስ አይወጣም።

ከዋናው ምድር ላይ በመርከብ የመጣ፣
በከረጢት ታሽጎ፣ በማኅተም የወጣ፣
መልከ መልካም ዘርም አንዴ ሞክረዋል።
በሰኔ ቢጫ መታው፣ በሐምሌ ላይ ተኛ፤
አፈሩ አላወቀው፣ ሆነና መጻተኛ።

የድሮውን ዘር የያዘ ያኸን ብቻ ነበር።
ላንዲት አሮጌ ላም ነዶ እየከመረ፣
ሚስት ሳያገባ፣ ልጅ ሳይወልድ ኖረ።
እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ «ዘር ሳይተካ» ይሉታል።
እዚያ የሚሉትን ኦይሪክ ነግራኛለች፤
ወደ አማርኛ ግን አልመጣ ብሎኛል።

ዝናቡ የጀመረው በነሐሴ፣ ማክሰኞ ቀን ነው።
የኛ መስቀል ሲጠባ እዚያ ገና አላባራም።
ከዚያ ዝይዎቹ ወረዱ።
ቶርሞት በድስት ክዳን፣ በጥይት፣ በእርግማን
ቢያባርር፣ ቢያባርር፣
እንደ ግብር ሰብሳቢ ተረጋግተው በሉ።
መርከቡም ሦስት ሳምንት ቀረ።
ሱቁ ውስጥ የተረፈው ሰናፍጭና ሻማ ነበር።

በጸደይ ኦይሪክ፣ የትምህርት ቤቷ መምህርት፣
ደብተር ይዛ ዞረች፦ «ዘር የተረፈው አለ?»
በአሥራ ሁለት በር «የለም»።
በአሥራ ሦስተኛው
ያኸን ሳይመልስላት መሰላል አመጣ።
የክምሩ ቆብ በስብሷል፣ ጎኑ ሻግቷል፤
ሆዱ ውስጥ ግን እጁን እስከ ብብቱ ከተተና
እዚያው አቆየው።
ደረቅ ነበር።

«አልሰጥም» አለ። «አበድራለሁ።
አንድ ባልዲ የወሰደ አንድ ተኩል ይመልስ፤
ለኔ ግን አይደለም፣ ዘር ላጣ ጎረቤት።
ሁሉ ባንድ ጎተራ ሲከት ነው
አይጥ የሚሰባው።»

ቶርሞት አልመጣም።
በአንድ አጥር ምክንያት፣ በክንድ ተኩል መሬት፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቃል አልተለዋወጡም።
ድርሻውን ከኦይሪክ እጅ ተቀበለ፤
ከማን እንደሆነ አልጠየቀም፣ አልነገረችውም።

ዘሩ ገባ ቤት ለቤት፦
በሻይ ቆርቆሮ፣ በብስኩት ሣጥን፣
አንድ ልጅ ያጠረው ቦት ጫማ ውስጥ ሳይቀር።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ባሕሩ ዘለለ።
የያኸንን ጎተራ፣ ክምሩን፣ የላሟን ጋጣ
ጨው አጠጥቶ ተመለሰ።
ያኸን አልጮኸም።
ባዶ ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠበት።

መጋቢት ላይ አንድ ማለዳ ደጁን ሲከፍት፣
ባልዲ። ሙሉ።
አጠገቡ ሌላ፣ እስከ ወገቡ።
ሰው የለም። እርጥቡ ሣር ላይ የቦት ጫማ ዱካ
ወደ አጥሩ ይሄዳል፣
አጥሩንም ይሻገራል።
እፍኝ ዘገነ። ጠይም ቅርፊት፣ የተሰበረ ጢም።
አንዷን ፍሬ በጥርሱ ከፈላት።
«የኔ ነው» ሊል ነበር፤ ዋጣት።

በኔ ቋንቋ «ዘር» ሲሉ ብዙ ነው ጣጣው፤
ደም ነው፣ ሐረግ ነው፣ ሰው የሚያጣላው።
እነሱ በባልዲ ሰፍረው ተበደሩት፣
ከነትርፉ ደግሞ ለባዳ ከፈሉት።

ያኸን ባለፈው ኅዳር ሞተ።
ቀብር ላይ አካፋውን የያዘው ቶርሞት ነው፤
ማንም ሊቀበለው ቢጠጋ አልሰጠም።
ሲመለሱ፣ ነፋሱ ኮፍያ እየነጠቀ፣
ኦይሪክን ደረሰባትና፣
«ዘንድሮ የምከፍለው ለማን ነው?» አላት።
ደብተሯን ገለጠች። «ታች፣ ከወደቡ አጠገብ፣
አዲስ ለመጡት። ስማቸውን ገና አልለመድኩትም።»
«ስንት?»
«ታውቀዋለህ» አለችው።