የኋላው በር

በከተማችን ውስጥ ከዛፍ በላይ ያለው፣
የአባቴ አያት እጅ ያልነካው የትኛው?
ፍርድ ቤቱ፣ ባንኩ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣
ሦስት ትምህርት ቤቶች (አንዱን በላው እሳቱ)።
ሁሉም በማዕዘኑ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣
“ኦ. ፍሪድል” ይነበባል፣ ድንጋይ ተፈልፍሎ፤
ውሾች ሲያልፉ ደግሞ በዚያው ይፈርማሉ፣
ስምን ከባዶ ግንብ መች ይለያሉ።
ኔብራስካ ናት አገሬ፣ ሜዳዋ አያልቅም፣
ሦስት ፎቅ የሠራ ሰው ሞቶም አይደበቅም።

በእሑድ ምሳ መሀል አያቴ ተነሥቶ፣
ሹካውን እንደ መሮ ወደ ላይ አንሥቶ፣
“ሰባት ትውልድ ሙሉ በቦሄሚያ አገር
ካቴድራል ያነጸ የእኛ ዘር ነበር”
ይል ነበር። እኛ ልጆች፣ ድንች እያላመጥን፣
ሰባት ፎቅ ከፍ ብለን ጎረቤት በለጥን።

ዘንድሮ ምክር ቤቱ የነሐስ ሰሌዳ
ሊያቆምለት ወስኖ (ወጪው ከእኛ ጓዳ)፣
“የዘሩን ሐረግ ጻፊ፣ ሦስት መስመር ይበቃል፤
ከዚያ በላይ ከሆነ በፊደል ይከፈላል።”

ሦስት መስመር! እኔ ክረምቱን ፈጀሁት
ራሱ በሠራው ፍርድ ቤት ምድር ቤት።
ኦፓል የምትባል የመዝገብ ቤት ሹም
ጓንት ሰጥታኝ ጠፋች፤ እስከ ምሳም አትመጣም።

የዐሥራ ስምንት ሰማንያው የሕዝብ ቆጠራ፦
ቫቭሪኔትስ ፍሪድል፣ ከአራት ልጆቹ ጋራ፣
ዕድሜው አርባ አንድ፣ ንባብ አያውቅም፣
ሥራ ከሚለው ፊት የፈሰሰ ቀለም።
ስንት ቀን አፈጠጥሁ፣ “ግንበኛ በል” ብዬ፣
እንደ ፈራ ምስክር ነጥቡን አባብዬ።

ቦሄሚያም ጻፍሁ። በስድስተኛው ሳምንት
ከደብሩ መዝገብ አጭር መልስ መጣች፦
“ድንጋይ ጠራቢ የለም። ካቴድራልም የለንም።
አባትየውም አያትየውም ጉድጓድ ቆፋሪ ናቸው።
አክባሪዎ።”

ከዚያ የከተማው የሒሳብ ደብተር፣ ቅጠል ሠላሳ ሁለት፦
“ለፍሪድል፦ አርባ የመጸዳጃ ጉድጓድ ለማጽዳት፣
ሁለት ዶላር ከሩብ። የሚሠራ በሌሊት።
ጋሪው በዋናው መንገድ ፈጽሞ እንዳይታይ፣
ጎህ ከቀደደ ኋላ አንድ ደቂቃ እንዳይቆይ።”

ይኸው ሰባት ትውልድ! ሽቅብ ስንቆጥራቸው፣
ቁልቁል ነበር ለካ መላ ግንባታቸው።
ሳቅሁ። እውነት እላለሁ፣ ብቻዬን ሳቅሁኝ፣
እስከ ቀጣዩ ሣጥን። እዚያ ላይ ዝም አልሁኝ።

ጋዜጣ። ዐሥራ ዘጠኝ ዐሥራ አንድ፣ ግንቦት።
ፍርድ ቤቱ ሲመረቅ፣ ኦታካር ቆሞበት፣
“ሟች አባቴ” ይላል፣ “ድንጋይ አስተማረኝ፣
መዶሻውን ሲጥል እኔን አሸከመኝ።”

ሟች አባቴ።

የሞት ወረቀቱ ከሥሩ ነበር፦
ዐሥራ ዘጠኝ ዐሥራ ሦስት፣ በወርኃ ኅዳር።
ሁለት ዓመት ተኩል፣ በልጁ ጓሮ ቤት፣
ከሞተ በኋላ ሾርባ ሲጠጣበት፣
ማንም ጋዜጣውን ሳያነብለት።
አያቴ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበረ።
ሾርባውን ማን ይሆን ያመላለሰው?

ለአጎቴ ልጅ ለሮዛሊ ደወልሁላት ማታ፤
“ተይው” አለች፣ “ሙታን ይረፉ በዝምታ፤
የቤትን ገመና ነሐስ ላይ ማን ጻፈ?
ደግሞ በፊደል ነው፤ ዝም ያለ አተረፈ።”

የመጨረሻው ሣጥን የቤት ፕላን ነበር፣
ሰማያዊ ወረቀት፣ አይጥ የቀመሰው ዳር።
ፍሪድል የሠራው ቤት፣ ትንሽም ትልቅም፣
የኋላው በር ይሰፋል፤ ምክንያቱ አይታወቅም።
“ለፒያኖ ነው” ይላሉ፣ “ለምድጃ፣ ለሬሳ”፤
“ሚስቱ ወፍራም ነበረች” ይባላል ሲነሣ።
በእርሳስ፣ በቼክኛ፣ ከበሩ ሥዕል ጥግ
ደቃቅ ጽሕፈት አለች። መዝገበ ቃላት ይዤ
ሁለት ሌሊት ፈታኋት፦

“ስፋት፦ አንድ ሰው፣ ቀምበር በትከሻው፣
ሁለት ባልዲ ይዞ ሳይዞር የሚያልፍበት።”

ሌላ ቃል የለም። ይቅርታም፣ ስምም የለበት።

ሦስት መስመር ጻፍሁ። ምክር ቤቱ ቆረጠው።
“የቫቭሪኔትስ ልጅ” የምትል ነች የቀረችው፤
ሥራውን አወጡት፣ “ቦታ አይበቃም” ብለው።

የምረቃው ዕለት ሰው በፊት በር ገባ፣
ኮት ከኮት እየታከከ፣ እየጨፈለቀ አበባ።
እኔ በጓሮ ዞርሁ።
ሁለት እጄን ዘርግቼ አለፍሁ፣ ቀስ ብዬ፤
ጣቶቼ ግንቡን አልነኩትም።