የሠላሳ አንደኛው ፎቅ መብራት

ዌስት ቤይ ዶሃ ላይ፣ ሠላሳ አንደኛው ፎቅ፣
መብራቱ ዓይን አለው፣ የሰው እግር የሚያውቅ፤
እጅ ካልወዘወዙ፣ ካልተራመዱለት፣
“ሰው የለም” ይልና ይጠፋል በድንገት።

በስድስት ሰዓት ሌሊት፣ ባልዲዬን ገፍቼ፣
በሩን ቀስ ብዬ ከፍቼ፣
አንድ እርምጃ ስገባ፣ ቦግ!
ከወረቀቱ ክምር ውስጥ የሰው ራስ ብድግ፤
ጉንጩ ላይ የታተመ የኪቦርድ ሰሌዳ፤
ሚስተር ኩሮዳ።

“ይቅርታ” አለ እሱ። የእኔን ቃል ቀማኝ።
ጎንበስ አለ፣ ጎንበስ አልኩ፤ እንደገና ደገመኝ፤
ሁለት የሰው አገር ሰው፣ በእኩለ ሌሊት፣
እጅ ስንነሳሳ ጌታ በሌለበት።

የጋዙ ውል እስኪፈረም ቤቱ አይሄድም፤
ከተፈረመም አይሄድም፤ ሌላ ይመጣል ደግሞም።
የዓመት ፈቃዱን በቀይ ከብቦት ነበር፣
ሦስቴ ሰርዞታል፣ ካላንደሩ ይመስክር።
ልጁ ጠረጴዛው ላይ፣ በመስታወት ታጥራ፣
ጥርሷ ወልቆ ትስቃለች፤
ሦስት ዓመት ጠረግሁላት የፊቷን አቧራ፣
ጥርሷ ግን አልበቀለም።
የእኔዋ ዙበይዳ፣ ኮምቦልቻ ያለችው፣
የእሷን ሲበቅል አየሁ፣
በስልክ፣ ኔትወርኩ እየቆረጠው።

እንግሊዝኛችንም ጥርሱ የወለቀ ነው።
አንድ ሌሊት ጠየቀኝ፦ “ሥራ ትቶ መቀመጥ፣
ባንቺ ቋንቋ ምንድነው?”
“ማረፍ” ልለው አፌን ከፍቼ፣ ዋጥሁት።
ሁለት በር ያለው ቃል እንዴት ይተረጎማል?
በአንዱ በር የገባ ጫማውን አውልቆ ሻዩን ይጠጣል፤
በሌላው የገባ ጫማው ለዘመድ ይሰጣል።
ባለፈው ሐምሌ ዘበኛው ሙሄ
“ያ የኔፓሉ ልጅ አረፈ” ሲለኝ፣
ጥላ ያገኘ መስሎኝ
“እሰይ!” ብያለሁ እኔ።

“እኛም ጋ” አለ ኩሮዳ፣ ዝምታዬን አይቶ፣
“አንድ ቃል አለ፣ ሰው ሲሞት፣ ሥራ በዝቶ።”
ቃሉን ግን አልነገረኝም።
እሱም ዋጠው፣ ከቀዘቀዘ ሻይ ጋር።

ከዚያ ወዲህ ዘዴ አለኝ።
ስከፍት ጨለማ ከሆነ፣ ተኝቷል ማለት ነው።
አንድ እርምጃ ባልፍ መብራቱ ይነቃል፣
መብራቱ ከነቃ ኩሮዳም ይነቃል።
ዓይኑ ደፉን አያይም፣
ደፉ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ መወልወያዬን ታቅፌ፤
ሳል እንኳ ቢመጣብኝ በነጠላዬ አፍኜ፣ አሳልፌ።
በመስኮቱ ማዶ ባሕሩ ላይ አንዲት መርከብ
መልሕቋን ጥላለች።

ሃያ ደቂቃ።
በማንም ውል ላይ የለችም፤ ማንም አልፈረመባት።
እሱ ያንኮራፋል፤ እኔ ጣቴን አላንቀሳቅስም።
ሕንፃው “ሰው የለም” ይላል።
ይበል።