ሰባት ቁጥር ባና

ጠባሴ ነው ቤቴ፣ ካስፋልቱ ገባ ብሎ፣
ብርድ ከእኔ ጋራ ኪራይ ተካፍሎ
የሚያድርበት ክፍል።
«ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ፣ «ዱካ እቆጥራለሁ» እላለሁ፤
«የምን ዱካ?» ካሉ፣ «የጣት» ብዬ እስቃለሁ።

ጋሽ በሻህውረድ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ማዶ፣
እግሩን ጉድጓድ ከቶ፣ መወርወሪያ ለምዶ፣
ባና የሚሸምን። በማዳበሪያ አስሮ
በሐሙስ አውቶቡስ ይልክልኛል ቆጥሮ፤
እኔ ፎቶ አነሳለሁ፣ ቁጥር እለጥፋለሁ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ለገዢ እዘረጋለሁ።
ለቴሌግራም አንድ ሊንክ፣ ለፌስቡክ ሌላ ሊንክ፣
ለቲክቶኩ ሦስተኛ፤ የየራሱ ጭራ፣ የየራሱ መልክ።
የነካው ጣት ሁሉ ይመዘገባል፤
ከየት ከተማ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ስልክ፣ ይለኛል።

አውጫጭኝ ነበረ፤ በግ ሲጠፋ ድሮ፣
ያገር ሰው በወይራ ሥር ቀን ሙሉ ታጉሮ፣
«ወፏ እንዲህ አለች» ይባላል፤ ወፏ ማን እንደሆነች
ማንም አይጠይቅም፤ ብቻ ትናገራለች።
የኔም ሊንክ ወፍ ናት። «መጣ» ትለኛለች፤
ለምን እንደመጣ
እሷም አታውቅ፣ እኔም ጠይቄያት አላውቅ።

በጥር ውስጥ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰባት ጠቅታ፣
የተሸጠው አራት። ሌላው የጣት ጨዋታ።
ግን አንዲት መስመር ነበረች ከሠንጠረዡ ጥግ፣
ሰባት ቁጥር ባና፣ ጠጉሯ የጥቁር በግ፤
መሐል ሜዳ፣ አንድ ስልክ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት።
አንድ ሌሊት አልቀረም። ጾም የለ፣ በዓል የለ፤
ስድሳ ሦስት ጊዜ ነካ፤ አንድም ቃል አላለ።

«ይሄስ ልቡ ወዷታል፣ ብር አጥቶ ነው እንጂ፤
ሲመላለስ የሚያድር እሱ ነው ሁነኛ ገዢ።»
ሃያ በመቶ ቀነስኩ። ማስታወቂያ ጨመርኩ፣
የሦስት መቶ ብር፤ ሰባትን ከላይ ሰቀልኩ፣
«ተፈላጊዋ ባና!» ብዬ ጻፍኩባት በቀይ፤
ቁጥሩም አልዋሸኝም፣ ተፈላጊ ናት ሲታይ።

ሐሙስ ዕለት ተሸጠች።
አዳማ ላይ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ፣
ላብ በሚጠረግበት አገር፣ ለግድግዳ ማሳመሪያ።
ያ ሰው የነካት አንዴ ነው። ከፈለ፣ ጨረሰ።
ወፏ «ተሳካ» አለች፤ ስልኬ ላይ አረንጓዴ ፈሰሰ።

ቅዳሜ ጋሽ በሻህውረድ መጣ ብሩን ሊወስድ፣
ጋቢው ላይ የጣርማ በር ጉም፣ ገና ሳይለቀው ብርድ።
ሁለቴ ቆጠረና፣ ብሩን አጣጥፎ፣
ኪሱ ከተተና፣ እጁን እዚያው አሳርፎ፣
«እንግዳወርቅ ዘጋችኝ፤ ቤቱ ውስጥ የለም ንግግር።
ያቺን ጥቁሯን ባና ሦስት ክረምት ስትፈትል ነበር፣
ለልጇ ጎጆ መውጫ። እኔ ነኝ ችኩሉ፣
የማዳበሪያ ዕዳ መጣና ጫንኳት ከነሁሉ።
ማታ ማታ ስልኳን ብርድ ልብስ ውስጥ ከታ
‹አለች፣ አልተሸጠችም› ትል ነበር ነክታ።»

ምን ልበለው? ሠንጠረዡ ላይ ከተማ አለ፣ ሰዓት አለ፣
የስልክ ዓይነት አለ፤ «አትሽጡብኝ» የሚል ዓምድ ግን የለ።
ስስቷን ፍላጎት ብዬ፣ ስጋቷን ገበያ፣
እሷው በነካችው ቁጥር ነው ያቆምኩት ማስታወቂያ።

ደወልኩ ወደ አዳማ። «ተሰቅላለች፣ አምራለች» አሉኝ፤
«እንመልስ? ለምን?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ መልስ የለኝ።

ፎቶዋን ላወርድ ነበር፤ ተውኩት።
ሰኞ ከምሽቱ አምስት። ጠባሴ ውሻ ይጮሃል፣
የሲኖትራክ ጡሩምባ አስፋልቱን ይቆርጣል።
ከአራት ሌሊት ዝምታ በኋላ
ወፏ መጣች፦ መሐል ሜዳ። አንድ ስልክ። ስድሳ አራት።
አሥራ አንድ ደቂቃ ቆየች፣ ከፎቶዋ ፊት።

ወር መጨረሻ ሪፖርት ነው፤ ደምሬ እልካለሁ፣
ጠቅታ፣ ሽያጭ፣ ወጪ፣ ሁሉንም እጽፋለሁ፤
ያቺን አንዷን ግን
አልደመርኳትም።