ቆጠራ

ሌሊት ነው ቤርሼባ፤ የኔጌቭ አሸዋ መስታወቱን ያሻል፤
ላሪሳ ሄዳለች፤ ማቀዝቀዣው ያጓራ፣ ከዝምታ ይሻል።
እኔ እቆጥራለሁ።
የአይጥ ጽንስ ኩላሊት ከጸጉር ቀጥኖ፣ ተሸርክቶ፣
ሐምራዊ ተነክሮ፣ በብርጭቆ ስባሪ ላይ ተዘርግቶ፣
ክብ ክብ፣ ድብልብል፣ የደም ሥር ልቃቂት፣
አንዱን ባንድ ጠቅ አርጌ፣ እንደ ፈታይ ሴት።
ወንፊት ነው እያንዳንዱ፤ ደም ያበጥራል፣
ቆሻሻውን ለይቶ በውሃ ያሻግራል፣
ስኳሩን ግን መልሶ ለባለቤቱ ያስቀራል።

ይህ ወንፊት የሚሠራው በእናት ሆድ ነው።
ዘጠነኛው ወር ደጃፍ ላይ ሠሪው እጁን ይታጠባል፤
ከዚያ ወዲያ አንድ እንኳ፣ በስለት ቢለምኑት፣ ከየት ይገኛል?
ቆዳ ይተካል፣ ጥፍር ያድጋል፣ የተሰበረ አጥንት ይገጥማል፣
ኩላሊት ግን በተወለደበት ስንቅ ዕድሜ ልኩን ይከርማል።
ስንቁ ያነሰ ልጅ፣ ካለጊዜው የተወለደ፣
አንዱ ወንፊት የሦስቱን እያበጠረ ነጎደ፤
ሠላሳ ዓመት፣ አርባ ዓመት፣ ማንም ሳያውቅበት፣
ስኳር ሰተት ብሎ፣ ግቡ ሳይባል፣ እስኪቀመጥ ከቤት።

እናቴ አዛነች ከነቲቮት ትመጣለች፤ እሑድ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣
አራት ሰዓት ሙሉ፣ ደሟ በቱቦ ወጥቶ ታጥቦ እስኪመለስ።
ከእኔ ሁለት ፎቅ በታች ክንዷን ለማሽን ሰጥታ፣
"ያንቺ ሙያ እላይ፣ የኔ ሙያ እታች" ትላለች ፈገግታ ሰርቃ።
በአገሯ ሳለች ስኳርን በስም ታውቀው ነበር፤
እዚህ ግን፣ እንደ ደግ ዘመድ፣ በየቀኑ ይጠይቃት ነበር።

አንድ ቀን እንደ ሐኪም ጠየቅኋት፣ ቅጽ ይዤ፣ እስክሪብቶ።
"ስንት ወለድሽ?"
"ልጅ አይቆጠርም" አለች፣ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ቀርቶ።
"እኔንስ፣ በስንት ወርሽ?"
"በሱዳን መንገድ? ጨረቃን ማን አይቶ!
ማታ እንሄዳለን፤ ቀን እንደበቃለን፤ ሆዴን በመቀነት አጥብቄ፤
ኡም ራኩባ ስንደርስ መጣሽ። አላለቀስሽም። ለራሴ አለቀስኩልሽ፣ ተደብቄ።
አንዲት ቄብ ታህያለሽ።"
"ክብደት" የሚለውን ባዶ ተውኩት።
ቄብ በግራም ስንት ናት?

አምና፣ ሳልነግራት፣ አንዱን ልሰጣት ብዬ ተመረመርኩ።
ምስሉን ጓደኛዬ ከፈተው፤ ሳይናገር በፊት አነበብኩ።
ሁለት ትንንሾች፣ ዝናብ እንዳጠረው ባቄላ፤
"ያንቺ ላንቺም ከበቃ ነው" አለኝ፤ "እንፈልግ ሌላ።"
ለካ አሥራ ሁለት ዓመት ስቆጥር የኖርኩት
የዚያን መንገድ ርዝመት ነው፣
በአይጥ ጽንስ እያሳበብኩት።

ስነግራት ማሽኑ ብቻ ዞረ። ቆይታ፣
"ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያጤሰውን የሚያውቅ ይሉ ነበር ቄሱ፤
የኔ ምን እንዳጤሰ ይኸው ታየ፣ በልጄ ላይ ጭሱ" አለች።
ደግሞ እንደ መቆጣት ብላ፦
"ሰፌድም አክርማው ሲያንስ ጠቦ ያልቃል።
እህል ግን ያበጥራል።"

ዛሬ ማታ አንዲት የራሃት ሴት፣ ሱሃይር፣ በሠላሳኛው ሳምንት ወለደች፤
ልጁ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ። በመስታወቱ ሣጥን ቀዳዳ ጣቷን አስገብታ ቆማለች።
በአረብኛ ጠየቀችኝ፤ ቃሉ ሳይገባኝ ገባኝ፦ ይበቃዋል ወይ?
ካለጊዜው ለመጣ፣ ሠሪው እጁን ሳይታጠብ ጥቂት ሳምንት ይቆያል፤
አምስት ይሁን ስድስት፣ እሱን ነው የምፈልገው።
ይህን በየትኛው ቋንቋ ልበላት? ጣቴን ከጣቷ አጠገብ አስገባሁ።
ልጁ የሁለታችንንም ያዘ።

ስንት መሆናቸውን አልጠየቅኋትም፣ እቤት የቀሩትን።
ወደ ላይ ወጣሁ። መብራቱን አበራሁ።
ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ ነበር ያቆምኩት።